ጥሩንባው የዘለለው በር

እናቴን! ይሄ ታሪክ ከአናቱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ካልበቃችሁ ማርያምን ብዬ እጨምራለሁ፤ ካስፈለገም ሚካኤል አለ። ውሸታም እንደሆንኩ ከ18 ማዞሪያ እስከ ሳንሱሲ ያለ ወያላ ሁሉ ይመሰክርብኛል፤ አልክድም። ግን ይሄኛውን ብዋሽ ኖሮ ከዚህ አሳምሬ እዋሸው ነበር። አንድ ሰው የራሱን ሞት አስለፍፎ የራሱን ለቅሶ በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያይ ዋለ ብላችሁ እንደማታምኑ አውቃለሁ። አትመኑ። ብቻ ስሙ።

ሰውዬው ጋሽ ደግፌ ነው። ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር የእኛ እድር ጥሩንባ ነፊ። ሰው ሲሞት ሳይነጋ ተነስቶ በየበሩ እየቆመ የሚለፍፈው እሱ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለፍፏል። ሲነፋ አስፋልት ላይ ያለ ሚኒባስ ከኋላው ከባድ መኪና የመጣ መስሎት ጥግ ይይዝለታል ይባላል። እድሩ ወንዙን ይሻገራል፤ ግማሹ ቤት ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። መሃል ላይ አንዲት የብረት ድልድይ አለች። በደህናው ቀን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም፤ ሬሳ ሲመጣ ግን ትሰፋለች። እንዴት እንደምትሰፋ እኔን አትጠይቁኝ፣ ብረቷን ጠይቁ።

የእድሩን ወግ ልንገራችሁ፣ ኋላ ይፈለጋል። በርህ ላይ ያልተለፈፈ ሞት ያንተ አይደለም። ከሩቅ ብትሰማው እንኳ የሌላ እድር ሊሆን ይችላልና ብትቀር ቀሪ አይጻፍብህም። በርህ ላይ ከተለፈፈ ግን እግርህ ተሰብሮ ቢሆን በክራንችህ ትመጣለህ።

ከድልድዩ ማዶ አንዲት መውጫ የሌላት ቅያስ አለች፤ ሰባት ቤት። አፏ ላይ ያለው ሰማያዊ በር የፀሎት ነው። ፀሎት የጋሽ ደግፌ አንድያ ልጁ ናት። አባትና ልጅ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። የፀሎት እናት ወለተጻድቅ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። የእናት ሞት ለልጅ በመርዶ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይሄዳል፣ የቅርብ ሰው ይሄዳል፣ ልጅቱ እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ ትያዛለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቃል የሚወጣው። ጥሩንባ ነፊም ለራሱ ቤት አይነፋም፤ ሌላ ይተካለታል። ይሄን ከጋሽ ደግፌ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን ግን ከሆስፒታል በእግሩ መጣ፤ በየት በኩል እንደመጣ ዛሬም አያውቀውም። ቤት ሲገባ እጁ ጥሩንባውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። እግሩ የለመደውን መንገድ ያዘ። በር ለበር ዞረ፤ አንድም አልዘለለም። ሰማያዊው በር ላይ ሲደርስም ነፋ፤ አፉም የለመደውን አለ።

"ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወይዘሮ ወለተጻድቅ አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!"

ፀሎት በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። ቆማ አየችው። ጥሩንባውን አየች፤ መልሳ ደግሞ እሱን አየች።

"አባዬ፣ ለኔም በጥሩንባ?" አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ቀብሩ ላይ ከሰው ማዶ ቆመች፤ ከሰልስት በኋላ ደጁን አልረገጠችም። እሱም ይቅርታ አላለም። ማለት ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶበት ነው። አንድ ቀን ያለፈው ነገር ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ በኋላማ ይቅርታው ራሱ ሌላ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር ሆነ።

ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ሰው በሞተ ቁጥር ጋሽ ደግፌ ድልድዩን ተሻግሮ ሰማያዊው በር ላይ ይቆማል፤ ከሌላው በር ትንሽ ረዘም አድርጎ። የሟቹን ስም ይጠራል፣ የአባቱን ይጨምራል፣ ካወቀ አያቱንም ይጨምራል፣ የቀብሩን ሰዓት ሁለቴ ይላል። ሌላ የሚላት ስለሌለው ነው። ያን ጊዜ የበረንዳዋ አምፖል ቦግ ይላል። በሩ አይከፈትም፣ ሰው አይወጣም፣ አምፖሉ ብቻ። ሲሄድ ይጠፋል። አንዳንዴ ከውስጥ "ሶፊ! ጫማሽን!" የሚል ድምፅ ይሰማል። የልጅ ልጁን ስም ያወቀው በዚያ ነው።

ሰው እንዲሞት አይመኝም ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ። ግን ሰፈሩ ጤና ሆኖ ሦስት ሳምንት ካለፈ ምግብ አይበላለትም ነበር።

እንግዲህ ምርጫ ሊመጣ ሲል የወሰን ሰዎች መጡ። የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ይሰመራል ተብሎ እድሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ዋናው እዮኤል የሚባል ልጅ ነው። ሠላሳ አልሞላውም፣ ጢሙ ገና ይወጣል አይወጣም እያለ ይከራከራል፣ እጁ ላይ ታብሌት። ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራው። አዲሱ መስመር ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል።

"ወንዙ ላይ ነው እንዴ ያሰመራችሁት?" አለ ጋሽ ገብረአምላክ። የእድራችን ሊቀመንበር ነው፤ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ትራስ አድርጎ የሚተኛ።

"አዎ አባቴ። ወንዝ የተፈጥሮ ወሰን ነው።"

"ለአሳ ነው ለሰው?" አለች ዋጋነሽ ከኋላ። እነ ፀሎት ቅያስ ውስጥ ሁለተኛው ቤት የምትኖር፣ አፏ በሞረድ የተሳለ ሴት ናት። "እኛ እንደሆንን ስንሻገር ነው ያረጀነው!"

ሰው ሳቀ። እዮኤልም ሳቀ። "ለዚህ እኮ ነው የመጣነው። ሕዝቡ አብሮ የሚኖረው ከማን ጋር ነው የሚለውን አይተን መስመሩን እናስተካክላለን። ማኅበራዊ ትስስር ይባላል። ባይስተካከል ደግሞ የሚለየው ምርጫው ነው እማማ፤ እድራችሁን አይነካም።"

"እማማ? ማንን ነው እማማ የሚለው ይሄ ልጅ?"

"ይነካል እንጂ!" ጋሽ ገብረአምላክ ደንቡን ከኮቱ ኪስ መዘዘ። "አንቀጽ ሦስት። የእድሩ ክልል ማለት አባላቱ የሚመርጡበት የምርጫ ክልል ሲሆን፣ ከዚህ ክልል ውጭ የሚኖር ሰው አባል ሊሆን አይችልም።"

እንዲህ ያለ ጉድ ደንቡ ውስጥ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። ለካ ድሮ ደንቡን የጻፈው ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከእገሌ አጥር እስከ እገሊት ባሕር ዛፍ እያለ ድንበር መዘርዘር ሰልችቶት በአንዲት መስመር ገላግሎታል። አባላቱም እጅ አውጥተው አጽድቀዋል። ማን ያነብባል? የእድር ደንብ የሚነበበው ሰው ሲጣላ ነው።

"ታዲያ ደንቡን አሻሽሉታ" አለ እዮኤል።

"በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ጉባኤው በዓመት አንዴ ነው። የዘንድሮው አልፏል።"

"እና እስከዚያ ማዶ ያለው ሰው አይሙት?" አለች ዋጋነሽ።

"ደንብ ደንብ ነው።"

ጋሽ ደግፌ ዓይኑ ካርታው ላይ ነበር። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ማዶ የጣት ጥፍር የምታክል ቅያስ። ብድግ አለ።

"ገብሬ፣ ይሄ መስመር ከጸና እኔ ማዶ ሄጄ አልለፍፍም ማለት ነው?"

"ማዶ የሌላ እድር ይሆናላ። የራሳቸው ጥሩንባ ነፊ ይለፍፍላቸዋል።"

ጋሽ ደግፌ ወደ እዮኤል ዞረ። "ልጄ፣ አብረን እንደምንኖር እንዴት ነው የምናሳይህ? የስም ዝርዝር እናምጣ?"

"ዝርዝር ማንም ይጽፋል ጋሼ። ባለፈው አንድ ሰፈር ካመጣልን ዝርዝር ግማሹ ሟች ነው። በዓይኔ ማየት አለብኝ።"

"በዓይንህ የሚታየውማ ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ና፤ ድልድዩ ላይ ቁምና የሚሻገረውን ቁጠር።"

"እሺ። እስከ ሰኞ ሰው ከሞተ ደውሉልኝ" አለና ያለው ነገር ለራሱ ሲሰማው ፊቱ ቀላ። "ማለቴ... እግዜር አያምጣው፣ ግን ከመጣ።"

ይሄ ማክሰኞ ነው። እግዜርም አላመጣው። ለወትሮው በሳምንት ሁለት የሚቀበርበት ሰፈር፣ ሰው ሲፈለግ ሁሉም አንበሳ ሆነ። ሦስት ዓመት ከአልጋ ያልወረደው አያ ዳዊ እንኳ ረቡዕ ዕለት ተነስቶ ክትፎ አምጡ አለ። ሐሙስ ዱላውን ጥሎ 18 ማዞሪያ ድረስ ወጥቶ ታየ። "አያ ዳዊ፣ እንዴት ነው?" ሲሉት "ምን፣ ቸኮላችሁ እንዴ?" አለ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ደግፌ ኑሕን ሻይ ጋበዘው። ኑሕ ከላይ ያለው እድር ለፋፊ ነው። ሁለቱ በአንድ ሞያ ስላረጁ እንደ ወንድም ናቸው።

"ኑሕ፣ ነገ አንድ ሰው ትለፍፍልኛለህ።"

"ማን ሞተ?"

"እኔ።"

ኑሕ ሻዩን ከአፉ አራቀው። "ወላሂ ደግፌ፣ ታመሃል እንዴ?"

"ብታመም እሞታለሁ እንጂ ላንተ ምን አስነገረኝ?"

"በሰው ሞት መዋሸት ሟርት ነው።"

"ለዚህ እኮ ነው የራሴን ያደረግሁት። የማንንም አልነካሁም።" ከዚያ ነገሩን ሁሉ አጫወተው፤ ካርታውን፣ አንቀጽ ሦስትን፣ ሰኞን። "ሬሳው ከሆስፒታል ይመጣል በላቸው፤ የሚገልጠኝ እንዳይኖር። እኔ ማድቤት እገባለሁ። ልጁ ቆጥሮ ሲጨርስ እወጣና ተሳስቀን እንለያያለን።"

ኑሕ ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ ግን አላለም።

"አንድ ነገር ብቻ" አለ ጋሽ ደግፌ። "ሰማያዊው በር ላይ እንዳትነፋ።"

"ልጅህ አይደለችም እንዴ?"

"አንዴ በጥሩንባ ሰምታለች። ሁለተኛ አይሆንም። እኔ ዛሬ ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ። ቀልድ ነው፣ እንዳትደነግጪ እላታለሁ።"

ሄደም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተጣጥቦ፣ የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ ሰማያዊው በር ፊት ቆመ። ጥሩንባ ስላልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ከውስጥ ሽንኩርት ይቁላላል። ሕፃን ትስቃለች። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። "ፀሎቴ" ልበላት? "ልጄ" ልበላት? ደህና ዋልሽ? የስምንት ዓመት ደህና ዋልሽ እንዴት ይባላል? እጁ እንደተነሳ ቀረ።

"ውይ! ጋሽ ደግፌ! ማን ሞተ?"

ዋጋነሽ ናት፤ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ጣለች። እውነቷን ነው፤ ያለ ሞት በር ላይ ቆሞ አይታው አታውቅም።

"ማንም" አለ።

"ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ተሳስቼ ነው" አለና እጁን አውርዶ ሄደ።

መንገድ ላይ ራሱን አጽናና። በሯ ላይ ካልተነፋ ሞቱ የሷ አይደለም። አትሰማም። ነገ በዚህ ሰዓት ሁሉም ያልፋል፤ መስመሩ ይስተካከላል፣ አምፖሉም ይበራል።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ኑሕ ነፋው። ኑሕን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲዋሽ እንባው ይመጣል። "አቶ ደግፌ አርፈዋል!" ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ የሰማ ሁሉ አመነ። ለፋፊውን የሚለፍፈው ሌላ ለፋፊ ነዋ፣ ማን ይጠረጥራል? ወዲህ ያለውን ጨርሶ ድልድዩን ተሻገረ፤ ማዶ ያለውን አዳረሰ። በመጨረሻ ያቺ ቅያስ አፍ ላይ ደረሰ። ቆመ። ሰማያዊውን በር ዘልዬ ስድስቱን ብለፍፍ ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም እንዴ? ብሎ አሰበ። ጥሩንባውን ጋቢው ውስጥ ወሽቆ ተመለሰ። ለደግነቱ ነው። ሰባቱንም ቤት ዘለለ።

ሰው ጎረፈ። እዮኤል ድልድዩ ራስ ላይ ቆሞ የሚሻገረውን ሁሉ "ከየት ቤት?" እያለ ካርታው ላይ ነጥብ ያሳርፋል። እስከ ሦስት ሰዓት ጣቱ ደነዘዘ። ድልድይቱም እንደ ልማዷ ሰፋች፤ በኋላ ራሱ እዮኤል ለካሁት ብሎኛል።

ጋሽ ደግፌ ማድቤት ውስጥ፣ አመድ ላይ ቁጭ ብሎ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል። መጀመሪያ ደስ አለው። የማያውቃቸው ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁለት አየ። "እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም" ሲል ሰማ አንዱን። ጎረቤቱ ደግሞ "ነፍሱን ይማር፣ ጆሮዬን ያደነቆረኝ እሱ ነው" አለ። አያ ዳዊም መጥቷል፤ "እኔን ሲጠብቁ እሱ ቀደመኝ" እያለ በክብር ይቀመጣል። ጋሽ ደግፌ በእጁ አፉን ይዞ ሳቀ። ቀስ በቀስ ግን ዓይኑ ሥራ ያዘ። የሚገባውን ሁሉ ፊት ያያል። አንድ ፊት ነው የሚፈልገው። እኔው ነኝ ያስዘለልኳት፣ እንዴት ትመጣለች? ይላል ለራሱ። ደሞ መልሶ ይፈልጋል።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ገብረአምላክ መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። ሰው "አለሁ" ይላል። ማዶ ያሉት ላይ ደረሰ።

"ፀሎት ደግፌ!"

ሰው ወደ ድንኳኑ በር ዞረ።

"ፀሎት ደግፌ!"

"ለአባቷም?" አለ አንዱ።

"ስምንት ዓመት ያልረገጠችውን ደጅ ዛሬ ትረግጣለች?"

"ሞት እኮ ነው፣ ሰዎች! ሞትም አያስታርቅም? ይሄስ ልጅ አይደለም።"

"ቀሪ" አለ ጋሽ ገብረአምላክ ከንፈሩን መጥጦ፣ እስክሪብቶውን አነሳ። "በአባቷ ሞት... ቀሪ።"

ይሄኔ የማድቤቱ በር በርግዶ ተከፈተ።

"ቀሪ እንዳትጽፍ! በሯ ላይ አልተለፈፈም!"

አመድ እንደለበሰ፣ ነጭ እንደሆነ፣ ሟቹ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግርግር እኔም አፌ አይችለውም። ድንኳኑ ባለበት ተኛ። አልቃሾቹ ወንዝ ገቡ። አያ ዳዊ ያንን ሁሉ ዳገት ሮጦ 18 ማዞሪያ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ፤ ሳንሱሲ እስኪደርስ ወራጅ አላለም። ከወንበሩ ያልተነቃነቀው ጋሽ ገብረአምላክ ብቻ ነው። ከመነጽሩ በላይ አይቶት፣

"አንተ ሟች ነህ። በስብሰባው ላይ የመናገር መብት የለህም" አለው።

"በሯ ላይ አልተለፈፈም ገብሬ! ያልተለፈፈበት ሰው ቀሪ አይጻፍበትም። ደንብ ደንብ ነው!"

ሰው ነገሩ ሲገባው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሊደበድበው የቃጣም ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። የለቅሶ ንፍሮው ተበላ፤ ሰው እየተያየ "አንተ እኮ መሬት ላይ ተንከባለልክ!" እየተባባለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ይሰማ ነበር። ይሄንን አስታውሱልኝ።

እዮኤል ታብሌቱን ይዞ መጣ። መዋሸታችን ነው የሚቆጠረው ብለን ፈራን። ልጁ ግን ጨዋ ነው።

"ሞቱ ውሸት ነው" አለ። "የተሻገረው ሰው ግን እውነት ነው። እሱን ነው የምጽፈው።" ካርታውን አዞረልን። ነጥቡ እንደ ጤፍ ፈሷል፤ ወዲህም ወዲያም። በጣቱ መስመሩን ከወንዙ ላይ አነሳና ማዶ አሻግሮ አኖረው። እልልታው ሰማይ ነካ። ሰው ጋሽ ደግፌን ትከሻው ላይ ሰቀለው።

እዚያ ላይ ሆኖ ነው ቅያሷን ያያት። መስመሩ ማዶ ተሻግሮ፣ ዞሮ፣ አንዲት ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል። የጣት ጥፍር የምታክለው ቅያስ ውጭ ናት።

"አውርዱኝ" አለ። ወረደ። "ልጄ፣ ይቺስ?"

"ከዚያ የመጣ የለም ጋሼ። ሰባት ቤት፣ አንድም ነጥብ የለም።"

"እኔ ነኝ እንዳይጠሩ ያደረግሁት! አንድ ቤት ነበር ያልኩት፤ ኑሕ ለደግነቱ ሰባቱንም..."

እዮኤል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ ጠዋት ሞቻለሁ አሉኝ፣ አመንኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ይነግሩኛል። የቱን ልመንዎት?" አለው። ፊቱን ሲያይ ግን አዘነለት መሰለኝ። "ሰባቱ ቤቶች ከዚህ እድር ጋር ነን ብለው ይፈርሙ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋይሉን ሳልዘጋ ከደረሰ እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ቤት የግድ ነው፤ አፉ ላይ ስለሆነ እሱን ዘልዬ የኋላዎቹን ማስገባት አልችልም።"

ወረቀቱን ዋጋነሽ ይዛ ዞረች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጋሽ ደግፌ ቤት መጣች። ስድስት ፊርማ ነው ያለው። የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነው።

"ምን አለች?" አላት።

ዋጋነሽ ያለወትሮዋ ቀስ ብላ ነገረችው። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ፀሎት ጥሩንባውን ከድልድዩ ወዲህ ጀምራ ሰምታዋለች። ስሙንም ሰምታለች። ጥቁሯን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መጥታ ከበሩ ኋላ ቆመች፤ እጇ መወርወሪያው ላይ። በሬ ላይ ይለፈፋል፣ ያኔ እወጣለሁ ብላ። እግር ሲመጣ ሰማች። ቅያሷ አፍ ላይ ሲቆም ሰማች። ሲመለስ ሰማች።

"'ስንት የማላውቀውን ሰው ሞት እዚህ በር ላይ ከነአያቱ ሲጠራልኝ ኖሮ፣ የራሱ ሲሆን እንዳይነገራት ብሎ ተናዞ ሞተ' አለችኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ብቻዋን አለቀሰችልዎት ጋሽ ደግፌ። እኔ አልሰማሁም፤ እኛማ ስላልተለፈፈብን የሌላ እድር ሞት መስሎን እንጀራችንን እንበላለን። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ሳቁ የተሰማው። ከዚያ ገባት። 'ከሞቱስ ሳቁ ነው የጎዳኝ' አለች። 'የሱ እድር ለኔ ምኔ ነው? አልፈርምም።'"

ጋሽ ደግፌ ወለሉን እያየ፣ "እንዳትደነግጥ ብዬ እኮ ነው" አለ። "እናቷን በጥሩንባ ስለነገርኳት... ሁለተኛ በጥሩንባ እንዳትሰማ..."

"ለኔ አይንገሩኝ!" ዋጋነሽ እንባዋ መጣ፤ ተቆጣችበት። "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሄደው ይንገሯት። እስከ ነገ ነው።"

ሰኞ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ድልድዩን ተሻገረ። ጥሩንባውን አልያዘም። ሰማያዊው በር ፊት ቆመ። ዛሬ እጁን ለማንሳት አልሞከረም፤ እጁን አያምነውም። አፉን ከፈተ። አፉ ደግሞ እዚያ በር ላይ ከአንድ ነገር በቀር አያውቅም።

"ያልሰማህ ስማ" አለ። ድምፁ ሾልኮ ነው የወጣው፤ መላ ኮልፌን የሚቀሰቅስ ጉሮሮ እንደ ሕፃን ሆነ። "የሰማህ ላልሰማ... ፀሎት። ደግፌ አልሞተም። ደግፌ አለ። በጥሩንባ የነገረሽ እሱ ነው። በጥሩንባ ያልነገረሽም እሱ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያጠፋው እሱ ነው። አንዱ ስለ ጠፋበት፣ ሌላው ስለ ፈራ። ቀብር..." አለና ተሰናከለ። ቀብር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አያውቀውም። ቆመ።

የበረንዳው አምፖል ቦግ አለ።

በሩ አልተከፈተም፤ አምፖሉ ግን በራ። ጋሽ ደግፌ ኮፍያውን አወለቀ፤ እዚያው ብርሃኑ ላይ ቆሞ ነጋለት።

ወረቀቱ አልተፈረመም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዮኤል ለሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀ፤ ሰዓቱን እያየ፣ ድልድዩን እያየ። ከዚያ ፋይሉን ዘጋ። መስመሩ ጸና። እኛ ወዲህ፣ ከማዶ ያለው ሰው ሁሉ ከእኛ ጋር፣ ሰባት ቤት ብቻ ከሌላ እድር ጋር። ሰፈሩ አሁንም ቀኑን ሲያስታውስ ይስቃል፤ በአንድ ሰው ሞት ግማሽ ሰፈር ያተረፍን እኛ ነን እያለ። በዓመቱ ጉባኤ አንቀጽ ሦስት ይሻሻል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የወጣው አንድ እጅ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ?

ያቺ ቅያስ አሁን ሌላ ጥሩንባ ነው የሚነፋባት፤ ወጣት ልጅ፣ በድምፅ ማጉያ። ጋሽ ደግፌ ዛሬም ሰው ሲሞት ማዶ ያሉትን በሮች ሁሉ ያዳርሳል። ቅያሷ አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሱ አይደለም። የሟቹን ስም ከነአያቱ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ይላል። ጥሩንባውን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ይመለሳል።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፤ መሐላዬን አልበላም። የድልድይቱ መስፋት እንኳ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ሰኞ ዕለት ማለዳ የበራውን አምፖል። ጋሽ ደግፌ እስኪነጋ እዚያ መቆሙ እውነት ነው፤ የቆመው ግን ጨለማ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የበራው የሷ ነበር። የመጨረሻው የሷ አይደለም። እኔ ነኝ ያበራሁት።